ውሃውን የሚለያየው ኤሌክትሪክ ብረቱንም አይምረውም

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የኬሚስትሪ መምህራችን አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው፣ ሁለት ምስማርና አራት የባትሪ ድንጋይ ይዘው ክፍል ገቡ። ሽቦውን አገናኙት። አንደኛው ምስማር ላይ ወዲያው ትንንሽ አረፋ መውጣት ጀመረ። «ይኼ ሃይድሮጂን ነው» አሉን። ሌላኛው ምስማር ላይ ኦክሲጅን እንጠብቅ ነበር። አልመጣም። ይልቅስ ውሃው መጀመሪያ አረንጓዴ መሰለ፣ ቀጥሎ ቡኒ ሆነ፣ ብርጭቆው ሥር እንደ አተላ ያለ ነገር አቀረረ። ምስማሩ ሲወጣ ጫፉ ተበልቷል። ኦክሲጅኑ የት ሄደ ብለን ስንጠይቅ መምህሩ በሁለት ቃል መለሱ፦ «ብረቱ ቀደመ»።

ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ግን ስለ ሃይድሮጂን ማምረቻ ማሽኖች ሳነብ ይቺ አባባል ከጭንቅላቴ አትወጣም። ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን የሚለያየው ማሽን ኤሌክትሮላይዘር ይባላል። የዚህ ማሽን መሐንዲሶች አብዛኛው ጭንቀት መምህሬ ያሉት ነገር ነው። ብረቱ እንዳይቀድም ምን ይደረግ?

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1800 ጣሊያናዊው ቮልታ የሠራው የመጀመሪያው ባትሪ ወሬ እንግሊዝ እንደደረሰ፣ ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል የሚባሉ ሁለት ሰዎች የራሳቸውን ባትሪ ሠርተው ሁለት የናስ ሽቦ ውሃ ውስጥ ነከሩ። ከአንደኛው ሽቦ ሃይድሮጂን ወጣ። ሌላኛው ሽቦ ግን ጋዝ በመስጠት ፈንታ እየጠቆረ፣ እየተበላ ሄደ። ናሱን በፕላቲነም ሲተኩት ከሁለቱም ሽቦ ጋዝ ወጣ። ስለዚህ ዝገትና ኤሌክትሮላይዘር እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። መፍትሔውም ያኔውኑ ታየ፦ ውድ ማዕድን። ከ225 ዓመት በኋላም ከዚያ መፍትሔ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቅንም።

እዚህ ላይ «ዝገት» ስል በር ላይ የምናየውን ቀዩን ዱቄት ብቻ ማለቴ አይደለም። ማንኛውም ብረታ ብረት ኤሌክትሮኑን ተነጥቆ ወደ ውሃው ሲሟሟ ወይም ወደ ኦክሳይድ ሲለወጥ እሱም ዝገት ነው። ቁልፉ ያለው «ኤሌክትሮኑን ተነጥቆ» የሚለው ላይ ነው።

ኤሌክትሮላይዘር ሁለት ወገን አለው። አንዱ ወገን ካቶድ ይባላል፤ እዚያ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሃይድሮጂን ይወጣል። ሌላው አኖድ ነው፤ እዚያ ከውሃው ኤሌክትሮን ይነጠቃል፣ ኦክሲጅን ይወጣል። ችግሩ አኖዱ ዓይን የለውም። ኤሌክትሮን ከማን እንደሚነጥቅ አይመርጥም፤ ቀድሞ ከሰጠው ይወስዳል። ውሃ በቀላሉ አይሰጥም። ለመለያየት በትንሹ 1.23 ቮልት ይፈልጋል፣ በተግባር ደግሞ ማሽኖቹ ከ1.8 እስከ 2 ቮልት ይሠራሉ። ብረት፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ኒኬል ከዚያ በጣም ባነሰ ግፊት ኤሌክትሮናቸውን ይለቃሉ። የመምህሬ ምስማር የቀደመው ለዚህ ነው።

መቅደም ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። የቤታችንን ቆርቆሮ ጣራ አስቡት። ቆርቆሮው ብረት ነው፤ ላዩ ላይ ዚንክ ተቀብቷል። ዝናብ ሲያገኘው ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ኤሌክትሮኑን ይሰጣል፣ በእሱ መሥዋዕትነት ብረቱ ይተርፋል። ዚንኩ ሲያልቅ ነው ጣራው የሚቀላው። ኤሌክትሮላይዘር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መሥዋዕት አይሠራም። ማሽኑ ለዓመታት ቀን ከሌሊት ኤሌክትሮን ሲነጥቅ የሚውል ስለሆነ፣ የሚሠዋው ነገር በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ታዲያ ስቴንለስ ስቲልስ? የወጥ ቤት ማጠቢያችን፣ ድስታችን፣ ማንኪያችን የማይዝገው እኮ በእሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ላቆማችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስቴንለስ ስቲል የማይዝገው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ውስጡ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለ። ክሮሚየሙ አየር ሲያገኝ ወዲያው ይዝግና በዓይን የማይታይ፣ በጣም ስስ የሆነ ቆዳ ይሠራል። ያ ቆዳ ነው ከሥሩ ያለውን ብረት የሚከልለው። ማለትም የስቴንለስ መከላከያው ራሱ ዝገት ነው፤ ጥሩ ዝገት። ቢጫር እንኳ ቆዳው ተመልሶ ይሠራል።

ይህ ቆዳ ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልክ ይቆያል። አኖድ ላይ ግን አይቆይም። ግፊቱ ከ1 ቮልት ከፍ እያለ ሲሄድ ክሮሚየሙ እንደገና ኤሌክትሮን ይነጠቅና ክሮሜት ወደሚባል የሚሟሟ ነገር ይለወጣል። ቆዳው እንዳለ ውሃ ውስጥ ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ሥሩ ያለው ብረትና ኒኬል ራቁታቸውን ናቸው። ክሮሜት ደግሞ መርዛማ ነው። ቤታቸው ውስጥ በስቴንለስ ማንኪያና በጨው ውሃ ሃይድሮጂን ለመሥራት የሚሞክሩ ልጆችን ቪዲዮ ሳይ የምፈራው ይህን ነው። ውሃው ወደ ቢጫነት ሲለወጥ ሊያሳስባቸው ይገባል። ከጨዉ የሚወጣው ክሎሪን ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመረተው ሃይድሮጂን አብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። በኤሌክትሮላይዘር የሚመረተው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ለማግኘት ወደ 9 ኪሎ ውሃ ይለያያል፣ ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክም ይበላል። ማሽኑ ዋጋውን እንዲመልስ ደግሞ ሴሎቹ፣ ማለትም ውሃው የሚለያይባቸው ክፍሎች፣ ከ60 ሺህ እስከ 80 ሺህ ሰዓት እንዲሠሩ ይጠበቃል። ያለ ማቋረጥ ቢሠራ ይህ ከ7 እስከ 9 ዓመት ነው። ለ9 ዓመት ሳይቀድም የሚቆይ ብረት ማግኘት ነው ፈተናው።

ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ኤሌክትሮላይዘሮች አሉ። አንዱ የድሮው፣ አልካላይን የሚባለው ነው። ሌላው ፔም ይባላል። በሁለቱ ውስጥ ዝገት የሚመጣበት መንገድ ለየቅል ነው።

ፔም ውስጥ አኖዱንና ካቶዱን የሚለየው እንደ ወፍራም ፌስታል የመሰለ ፕላስቲክ ነው፤ ሜምብሬን ይባላል። ውስጡ የተጣበቁ የአሲድ ነጥቦች አሉት፣ ፕሮቶኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮናቸውን የተነጠቁ ሃይድሮጂኖች፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየዘለሉ ከአኖድ ወደ ካቶድ ይሻገራሉ። ዲዛይኑ ደስ ይላል፤ ማሽኑ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል ቶሎ ይከተላል። ለብረታ ብረት ግን ከባዱ ቦታ ይህ ነው። በአንድ ጊዜ አሲድ አለ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ አለ፣ ኦክሲጅን አለ፣ ሙቀቱም ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ነው። ካርቦን እንኳ አኖዱ በኩል አይችለውም፤ ቀስ በቀስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይጠፋል። ለዚህ ነው አኖዱ ላይ ኢሪዲየም የሚደረገው። ኢሪዲየም በዓመት ከምድር የሚወጣው ከ7 እስከ 8 ቶን ገደማ ብቻ ነው፣ አብዛኛውም ከደቡብ አፍሪካ። ወርቅ በዓመት ከ3,000 ቶን በላይ እንደሚወጣ ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል።

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዝገት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ብረቱ ሳስቶ፣ ተበስቶ፣ ተሰብሮ ነው። ኤሌክትሮላይዘር ውስጥ ግን ብረቱ ከመበሳቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ማሽኑ ይታመማል። ገዳዩ የጎደለው ብረት አይደለም። ገዳዩ የሟሟው ብረት የሄደበት ቦታ ነው።

የብረት አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ተነጥቆ የሟሟ የብረት ቅንጣት፣ ውሃ ውስጥ ከገባ ሜምብሬኑ ይስበዋል። ፕሮቶን አንድ ወንበር ይዞ የሚሄድ ተሳፋሪ ነው እንበል። የብረት አዮን ሁለት ወይም ሦስት ወንበር ይዞ ይቀመጣል፣ ቶሎም አይወርድም። ታክሲው ሞልቶ ይታያል፤ የሚሄድ ሰው ግን የለም። በዚህ የተነሳ ያንኑ ያህል ሃይድሮጂን ለማውጣት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የአንድ ሴል ቮልቴጅ በሰዓት 10 ማይክሮቮልት ብቻ ቢጨምር፣ ከ10 ሺህ ሰዓት በኋላ 0.1 ቮልት ጨምሯል ማለት ነው። ከ1.8 ወደ 1.9 መውጣት፣ ለዚያው ምርት ከ5 በመቶ በላይ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ መክፈል ነው። ማሽኑ አልተሰበረም፣ አላፈሰሰም። ቆጣሪው ብቻ እየፈጠነ ሄደ።

ሁለተኛው ጉዳት ይብሳል። ሴሉ ውስጥ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ትንሽ ትንሽ ስለሚተላለፉ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ቁስል የሚጠረግበት፣ ፀጉር የሚነጣበት ፐርኦክሳይድ ማለት ነው። ይህ ፐርኦክሳይድ የሟሟ ብረት ሲያገኝ ይሰነጠቅና ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል እጅግ ቁጡ ቅንጣት ይወጣዋል። እሱ የሜምብሬኑን ፕላስቲክ ይቆራርጠዋል። ሲቆራረጥ ፍሎራይድ ይለቃል። ፍሎራይዱ ውሃውን የበለጠ አሲዳማ ያደርገዋል፣ ያ አሲድ ደግሞ ሌላ ብረት ያሟሟል። አዙሪት ነው። ሜምብሬኑ እየሳሳ ሲሄድ ሃይድሮጂን ወደ ኦክሲጅን ወገን ያልፋል፤ በኦክሲጅን ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን 4 በመቶ ከደረሰ መቀጣጠል ይችላል። ለዚህ ነው ማሽኖች ገና ከዚያ በታች ራሳቸውን እንዲያጠፉ የሚደረጉት።

ይህ አዙሪት በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ጠፈርተኞቹ የሚተነፍሱት ኦክሲጅን የሚመጣው ውሃ ከሚለያይ እንዲህ ያለ ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የማሽኑ ሴሎች የሚጠይቁት ቮልቴጅ ከፍ እያለ ሄዶ ሥራ አቆመ። ሲመረመር ነገሩ ከላይ የነገርኳችሁ ሆኖ ተገኘ። ሜምብሬኑ ፍሎራይድ ለቋል፣ በዑደት የሚመላለሰው ውሃ አሲዳማ ሆኗል፣ አሲዱ የብረት ክፍሎችን ነክቷል፣ የሟሟው ብረትም ተመልሶ ሴሎቹን በክሏል። ሴሎቹ ተቀየሩ። ከዚያም የውሃው መመላለሻ ላይ አዮን የሚለቅም ማጣሪያ ተጨመረ። ገንዘብና ጥንቃቄ ያልተሰሰተለት ማሽን እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ስለዚህ ምድር ላይ በርካሽ ለመሥራት የሚጣደፍ ሰው ሁለቴ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ታይታኒየም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፔም ውስጥ አኖዱ በኩል ያሉት ሳህኖችና ውሃ የሚያሳልፉት ስስ ወንፊት መሰል ክፍሎች የሚሠሩት በአብዛኛው ከታይታኒየም ነው። ታይታኒየምም በባሕርዩ ቶሎ የሚዝግ ብረት ነው። የሚያድነው እንደ ስቴንለሱ የራሱ ቆዳ ነው፤ ልዩነቱ የታይታኒየም ቆዳ በዚያ ቮልቴጅና አሲድ ውስጥ አይሟሟም። ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቆዳው ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ይዞ ይጀምርና ማሽኑ በሠራ ቁጥር ይወፍራል። ብረቱ ዳነ፣ መንገዱ ግን ተዘጋ። ስለዚህ ታይታኒየሙ ላይ በጣም ስስ የፕላቲነም ወይም የወርቅ ቅብ ይደረጋል። በሃይድሮጂኑ ወገን ደግሞ ታይታኒየም ሃይድሮጂን ይጠጣል፤ ሲጠግብ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ፍሎራይድ ሲመጣ ያ ጠንካራ ቆዳ ራሱ ይቀልጣል። አዙሪቱን አስታውሱ።

አሁን ብዙ ተመራማሪዎች የሚደክሙት ስቴንለስ ስቲልን በስስ ታይታኒየም ወይም ኒዮቢየም ቀብተው ለመጠቀም ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ዋጋን ይቀንሳል። ስጋቴ ቅቡ ላይ ያለች አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ናት። በዚያች ቀዳዳ በኩል የሚወጣው ብረት በቀጥታ ወደ ሜምብሬኑ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቅቡ ስንት ሺህ ሰዓት እንደተፈተነ ሳይጠየቅ ስለ ርካሽነቱ ማውራት ይቸግራል።

አልካላይኑ ዓለም ይለያል። እዚያ ውሃው ውስጥ ከ25 እስከ 30 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሟሟል፤ ሙቀቱ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል። ቆዳ የሚልጥ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነው። ለኒኬል ግን ተስማሚ ሰፈር ነው። ኒኬል እዚያ ውስጥ ጠንካራ ቆዳ ይሠራል፣ ቆዳውም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ኦክሲጅን ለማውጣትም ራሱ ያግዛል። በዚህ የተነሳ ውድ ማዕድን አያስፈልግም፤ በኒኬል የተለበጠ ብረት ይበቃል። ኖርዌይ ሩካን በምትባል ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፏፏቴ ኃይል ለማዳበሪያ የሚሆን ሃይድሮጂን ያመረተችው በዚህ ዓይነት ማሽን ነው። በዓባይ ዳርም አስዋን ላይ ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በግድብ ኃይል እንዲሁ አድርጋለች።

አንድ የሚያስገርመኝ ነገር ልጨምር። ፔም ውስጥ መርዝ የሆነው ያ የሟሟ ብረት፣ አልካላይን ውስጥ በጥቂቱ ሲሆን ይጠቅማል። ኒኬሉ ላይ ሲቀመጥ ኦክሲጅን በቀላሉ እንዲወጣ ያደርገዋል። ያው ብረት ነው፣ ሰፈሩ ነው የተለየው።

የአልካላይን ማሽን ጠላት ሥራው ሳይሆን ማረፉ ነው። ይህ መጀመሪያ ስሰማው ግራ አጋብቶኝ ነበር። ሴሎቹ እንደ እንጀራ ተነባብረው ይቆለላሉ፤ አንዷ ሳህን በአንድ ፊቷ የአንዱ ሴል ካቶድ፣ በሌላው ፊቷ የጎረቤቱ አኖድ ናት። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ አንዱ ፊት ላይ የቀረ ሃይድሮጂን አለ፣ ሌላው ፊት ላይ ኦክሲጅን ያዘለ ኒኬል አለ። ይህ ማለት እኮ የተሞላ ባትሪ ነው። ሁሉም ሴሎች ደግሞ በአንድ የፈሳሽ ቧንቧ ተያይዘዋል። ባትሪው በዚያ በኩል ራሱን ያፈሳል፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዕድሜ ልኩን ኤሌክትሮን ሲሰጠው የኖረው ካቶድ በድንገት «አሁን አንተ አምጣ» ይባላል። መጀመሪያ የቀረውን ሃይድሮጂን ይሰጣል። እሱ ሲያልቅ ራሱን መስጠት ይጀምራል። እንደ ሞሊብዲነም ያሉ ሥራ የሚያቀልሉ ቅመሞች ከላዩ እየሟሟ ይሄዳሉ።

የሩካን ዓይነት ፋብሪካ ከማያቋርጥ የውሃ ኃይል ጋር ስለተያያዘ ይህ ብዙ አላስቸገረውም። ዛሬ ግን ማሽኖቹን ከፀሐይና ከነፋስ ጋር ማያያዝ ነው የሚፈለገው። ፀሐይ በየምሽቱ ትጠልቃለች። በዓመት 365 ጊዜ ማጥፋት ማለት 365 ጊዜ ይህን ጉዳት መጋበዝ ነው። አንዱ መፍትሔ ማሽኑ ሲያርፍም ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ማድረግ ነው፣ ካቶዱ እንዳይገለበጥ። በእኔ እይታ ወጥ የሆነ የውሃ ኃይል ያለው አገር እዚህ ላይ ያለው ብልጫ በቂ ወሬ አልተወራለትም። የኤሌክትሪኩ ርካሽነት ብቻ አይደለም ትርፉ፤ ማሽኑ ሳይቋረጥ መሥራቱም የብረቱን ዕድሜ ያረዝማል።

ከ700 ዲግሪ በላይ በእንፋሎት የሚሠሩ ሦስተኛ ዓይነት ማሽኖችም አሉ። እነሱ ውስጥ ፈሳሽ የለም፤ ግን ክሮሚየሙ እንደ ጉም ተንኖ ኤሌክትሮዱ ላይ ያርፍና ያደክመዋል። ብረቱ በማንጋኒዝና ኮባልት ኦክሳይድ ይቀባል። ዝርዝሩ ሌላ ቀን።

የባሕር ውሃን በቀጥታ እንጠቀም የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ዜና ይሆናል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 19 ግራም ያህል ክሎራይድ አለ። ክሎራይድ የስቴንለስን ቆዳ በነጥብ በነጥብ የሚበሳ ዋነኛ ጠላት ነው፤ አኖድ ላይም ክሎሪን ይወጣዋል። ውሃውን አስቀድሞ ማጣራት የሚፈልገው ኃይል ደግሞ ለመለያየት ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ እኔ አጣርቶ መጠቀሙን እመርጣለሁ።

የቧንቧና የጉድጓድ ውሃም ቢሆን በቀጥታ አይገባም። ውሃ ማፍያችን ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፤ እነሱም ሜምብሬኑ ላይ ወንበር ይይዛሉ። ለፔም የሚገባው ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በሴንቲሜትር ከ1 ማይክሮሲመንስ በታች መሆን አለበት፤ ብዙ ባለሙያዎች ወደ 0.1 እንዲጠጋ ይፈልጋሉ። እንዲያ የጠራ ውሃ ደግሞ የተራበ ውሃ ነው። ከሚያልፍበት ቧንቧ፣ ከብሎኑ፣ ከፓምፑ ብረት እየላሰ ይሄዳል። ሴሉ በታይታኒየምና በፕላቲነም ተሠርቶ፣ ወደ እሱ ውሃ የሚወስደው አንድ ክርን መገጣጠሚያ ተራ ብረት ቢሆን ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ኦፕሬተር ማሽኑን ከውጭ አይቶ አይረካም። በየጊዜው ከሚመላለሰው ውሃ ናሙና ይቀዳል። ብረት፣ ኒኬልና ክሮሚየም ስንት እንደሆነ ያስለካል። ፍሎራይዱንም ያስለካል፣ ፍሎራይድ ከፍ አለ ማለት ሜምብሬኑ እየተበላ ነው ማለት ነውና። የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ለየብቻ ይመዘግባል፣ ምክንያቱም ከመቶ ሴል አንዱ ሲታመም በድምሩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። አዮን የሚለቅመው ማጣሪያም ሲቀየር አሮጌው ዝም ብሎ አይጣልም። ምን እንደያዘ ይመረመራል፤ የትኛው ብረት እንደቀደመ የሚታወቀው እዚያ ነው።